የይርገዱ ኩሬና ባለእጀታው ቫልቭ

«ተርቺ» በሉኝ፤ ካላላችሁኝ አልጀምርም። አላችሁ? እንግዲያው አታቋርጡኝ፤ ታሪኬ ሰንሰለት ነውና አንዲት ቀለበት ከጠፋችብኝ እንደገና ከመጀመሪያው ነው የምነሣው።

ከሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ሰፈሩ «እትዬ ይርገዱ» ይላታል፤ እኔ ተራቺዋ ግን ይርገዱ እላታለሁ። ይርገዱ ደህና ቤት ነበራት፤ ደህና ጓሮ ነበራት፤ ደህና እንቅልፍ ግን አልነበራትም። ከቅንጭብ አጥሩ ማዶ አስካለ አለቻ! አስካለ ጓሮ ውስጥ የዓሣ ኩሬ አለ፤ ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ የዓሦቹ ቅርፊት ይቆጠራል። ይርገዱ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ፣ ሳጥኑ ላይ ቆማ፣ በአጥሩ አሻግራ ታያለች። ታይና ትወርዳለች፤ አንጀቷ እርር ይላል፤ ደግማ ትወጣለች።

«ከእሷ በምን አንሼ ነው?» አለችና አንድ ቀን ግንበኛ ጠራች። ሳጥኑ ላይ ቆማ የአስካለን ድንጋይ ቆጠረች፤ ያንኑ ያህል አስደረደረች። ደንገሉን ቆጠረች፤ ያንኑ ያህል ተከለች። ከኩሬው ግርጌ የወጣ ሁለት ኢንች የብረት ቱቦ አየች፤ የራሷንም አስቀበረች። «እንዴት ነው የተሠራው?» ብላ እንዳትጠይቅ ግን ቅናት አፏን ያዘው። ስለዚህ ከአጥር በላይ የሚታየው ሁሉ ተሠራ፤ የማይታየው ቀረ። የማይታየው ምን ነበር መሰላችሁ? የአስካለ ቱቦ ጫፉ ጋ ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ክዳን አለው፤ ከክዳኑ ሥር ቫልቭ አለ። ይርገዱ ክዳኑን አይታ ተራ ድንጋይ መሰላት። የእሷን ቱቦ ጨርቅ በጠመጠመችበት እንጨት ወተፈችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሥራ ሁለት ቆሮሶ የሚባሉ የሐይቅ ዓሦች ጨመረችበት። ዓሦቹ በሉ፣ ወፈሩ፣ ደለሉም ታች ተከመረ። ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ ቀጥሎም ይሸት ጀመር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይርገዱ ብትወጣ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ቧ! ቧ! እያሉ አየር ይለምናሉ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ደለሉ ካልወጣ አንዳቸውም አይተርፉም። ይርገዱ ደነገጠች፤ ዓሦቿን ትወዳቸው ነበር። ከዚያም በላይ ግን አስካለ ሬሳቸውን በአጥሩ ላይ አሻግራ ስታይ ታያት፤ ይኼ ነው ይበልጥ ያቃጠላት።

ባልዲ ይዛ ሮጠች። «አንተ ውሃ፣ ደለልህን ይዘህ ውጣልኝ!» አለችው።

«አልወጣም» አለ ውሃው። «የአስካለ ውሃ የሚወጣው ከታች በቱቦ ነው፤ እንደ ባለማዕረግ በበሩ። እኔን ከላይ በባልዲ ትቀጂኛለሽ? ብትቀጂም የምታወጪው የላዩን ነው፤ ደለሉ ታች ተኝቷል። በቱቦ ካልሆነ ንቅንቅ አልልም።»

ውሃው ከኩሬው አልወጣም አለ፤ ዓሦቹ ቧ! ቧ! ይላሉ፤ ይርገዱም በቅናት ትነድዳለች።

ወደ ቱቦው ጎንበስ አለች። «አንተ ቱቦ፣ ውሃውን ሸኝልኝ!»

«አልሸኝም!» አለ ቱቦው፤ ጨርቅ አፉን ስለሞላው ድምፁ እንኳ የታፈነ ነው። «የአስካለ ቱቦ ቫልቭ አለው። ሲያሻው ይከፈታል፣ ሲያሻው ይዘጋል። እኔ ግን አሮጌ ጨርቅ ጎርሼ እኖራለሁ። ውታፌን ብትነቅዪው መልሰሽ አትወትፊኝም፤ ውሃው ዓሦቹን ጠራርጎ ጎመን መደብሽ ላይ ይዘረግፋቸዋል። መጀመሪያ ቫልቭ!»

ቱቦው ውሃውን አልሸኝም አለ፤ ውሃው ከኩሬው አልወጣም አለ፤ ዓሦቹ ቧ! ቧ! ይላሉ፤ ይርገዱም በቅናት ትነድዳለች።

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ከነፈች። ባለሱቁን «የትኛው ቫልቭ ይሻለኛል?» ብላ የጠየቀችው እንዳይመስላችሁ።

«አስካለ የወሰደችው የትኛውን ነው?» አለችው።

«ሁለት ኢንች፣ ባለእጀታውን።»

«እንግዲያው ለእኔ ሦስት ኢንች ይሁን!»

«ቱቦዎ ስንት ነው እትዬ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ የአባትን ባርኔጣ ለሕፃን መድፋት አይሆንም?» አለና ሁለት ባለሁለት ኢንች ቫልቮች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። አንዱ አናቱ ላይ ክብ መሪ አለው፤ ሌላው አጭር እጀታ።

«እኔን ውሰጂኝ» አለ ባለመሪው። «ሃያ ጊዜ ዞሬ ነው የምዘጋው፤ ክብሬ እዚያ ላይ ነው።»

«እሱ ሃያ ጊዜ እስኪዞር ዓሦችሽ ጎመን መደብ ይደርሳሉ!» አለ ባለእጀታው። «ደግሞ ታቹ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ደለል እዚያ ይተኛና መዝጋት ያቅተዋል፤ ሲያንጠባጥብ ይኖራል። እኔን ሩብ ዙር ይበቃኛል። ስከፈት ሆዴ ወለል ያለ ቀዳዳ ነው፤ ጭቃ አያርፍብኝም።»

ባለመሪው በቅናት ሊዝግ ምንም አልቀረው። ይርገዱ ባለእጀታውን መረጠችና «በል ና፣ ቱቦዬን ዝጋልኝ» አለችው።

«አልዘጋም» አለ እሱም። «የአስካለ ቫልቭ ወንድሜ ነው፤ ከአንድ ካርቶን ነው የወጣነው። እሱን ቴፍሎን የሚሉትን ነጭ ጥብጣብ ጠምጥሞ ያጠበቀው ድንበሩ የሚባለው ሰው ነው። እኔን አንቺ በባዶ እጅሽ ልታዞሪኝ? ወንድሜ ምን ይለኛል? ድንበሩ ካልገጠመኝ አልዘጋም።»

ቫልቩ ቱቦውን አልዘጋም አለ፤ ቱቦው ውሃውን አልሸኝም አለ፤ ውሃው ከኩሬው አልወጣም አለ፤ ዓሦቹ ቧ! ቧ! ይላሉ፤ ይርገዱም በቅናት ትነድዳለች።

ድንበሩ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በከተማው እጁ የተመሰከረለት። ይርገዱ ቫልቩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስትደርስ ደጃፉ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«ድንበሩ፣ ይቺን ቫልቭ ግጠምልኝ፤ ዓሦቼ ሊያልቁ ነው!»

«አልገጥምም እትዬ» አለ ድንበሩ። «የአስካለን ኩሬ የሠራሁት እኔ ነኝ። እርስዎ እኔን ትተው አጥሩን ጠየቁ። ግንበኛው ሥራዬን ቀዳው። ሰውም አላፊ አግዳሚው ‹ሁለቱም ኩሬ ያምራል› ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ሁለቱም! ከዚያ ወዲህ የበላሁት አይስማማኝም።»

«ቀንተህ ነዋ?»

«ቀንቼ ነው እንጂ! ላልቀና ኖሯል?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞስ ልቤ እሺ ቢል በምኔ ልሥራ? ታንጉት ጂራቱቦዬን ሳጥን ውስጥ ቆልፋብኛለች።»

ጂራቱቦ ማለት ቱቦ ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው ጥርሳሙ መፍቻ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ያለ ጂራቱቦ ልብስ ሰፊ ያለ መርፌ ነው።

ድንበሩ ቫልቩን አልገጥምም አለ፤ ቫልቩ ቱቦውን አልዘጋም አለ፤ ቱቦው ውሃውን አልሸኝም አለ፤ ውሃው ከኩሬው አልወጣም አለ፤ ዓሦቹ ቧ! ቧ! ይላሉ፤ ይርገዱም በቅናት ትነድዳለች።

ይርገዱ ድንበሩን አልፋ ወደ ቤት ገባች። ሚስቱ ታንጉት ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ታስሯል።

«ታንጉትዬ፣ እባክሽ ጂራቱቦውን አውጪለት።»

«አላወጣም እትዬ ይርገዱ፣ አይድከሙ። አስካለ ቤት ሁለት ሳምንት ሠራ። ሁለት ሳምንት ምሳውን እዚያ በላ። ሲመለስ ‹ሽሮዋ ጉድ ነው› አለኝ። ‹እንዴት ያለ ጉድ?› አልሁት። ‹ጣት ያስቆረጥማል› አለኝ። የእኔን ሽሮ አሥራ ሦስት ዓመት ሲበላ አንድ ቀን ጣቱን ቆርጥሞ ያውቃል? አሥሩም አሉ፤ ጠርተው ይቁጠሩለት!»

«አንቺ ባትጠይቂው ባልነገረሽ ነበር» አለች ይርገዱ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ልትላት ፈልጋ፣ ዓሣ የሚለው ቃል ሆዷን ስላባባው ተወችው።

«ብጠይቅስ! አሁንም እጠይቃለሁ። የአስካለ ሽሮ አንድ ጣሳ ይምጣልኝና በምላሴ ልፍረደው። እስከዚያ ጂራቱቦው ከዚህ ሳጥን አይወጣም፤ እሱም ከዚህ ደጃፍ አይወጣም።»

ታንጉት ጂራቱቦውን አላወጣም አለች፤ ድንበሩ ቫልቩን አልገጥምም አለ፤ ቫልቩ ቱቦውን አልዘጋም አለ፤ ቱቦው ውሃውን አልሸኝም አለ፤ ውሃው ከኩሬው አልወጣም አለ፤ ዓሦቹ ቧ! ቧ! ይላሉ፤ ይርገዱም በቅናት ትነድዳለች።

ፀሐይዋ ወደ አናት እየወጣች ነው። ይርገዱ ከአስካለ በር ፊት ለፊት ቆመች። ይህን በር ሁለት ዓመት አልረገጠችውም። ከሰው ሁሉ አስካለን መለመን! እጇን ሦስት ጊዜ ዘርግታ ሦስት ጊዜ መለሰችው፤ በአራተኛው አንኳኳች።

አስካለ ከይርገዱ በአሥር ዓመት የምታንስ ሴት ናት። በሩን ከፍታ ስታያት ዓይኗን ማመን አቃታት።

«እትዬ ይርገዱ? ዛሬስ በበር መጡ? በአጥር ነበር እኮ የማውቅዎት።»

ይርገዱ ፊቷ ፍም መሰለ። «አስካለ፣ አንድ ጣሳ ሽሮ ስጪኝ።»

«ምነው፣ እንግዳ መጣብዎት?»

«ለታንጉት ነው። ታንጉት ሽሮሽን ካልቀመሰች ጂራቱቦውን አታወጣም፤ ድንበሩ ያለ ጂራቱቦ ቫልቩን አይገጥምም፤ ቫልቩ ካልተገጠመ ቱቦውን አይዘጋም፤ ቱቦው መዝጊያ ከሌለው ውሃውን አይሸኝም፤ ውሃው ካልወጣ ዓሦቼ ያልቃሉ።» ተናግራ ስትጨርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ይኼን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አሉ?» አለች አስካለ። «ሽሮውን ግን አልሰጥም። ይምጡ፣ ምክንያቱን ላሳይዎት።»

እጇን ይዛ ወደ ቅንጭብ አጥሩ ወሰደቻት። ከአጥሩ ሥር፣ በአስካለ በኩል፣ ሌላ የለስላሳ ሳጥን ተገልብጧል። አናቱ በእግር ብዛት ለስልሷል።

«እርስዎ ጠዋት ጠዋት ይቆማሉ፤ እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ።»

«ምን ልታዪ? የእኔን አተላ?»

«ውሃዬ ጠራ፣ ጠራና ለወፍ ገበታ ሆነ። ዓሣ በሏ ወፍ ከዛፉ ላይ ሆና አንድ በአንድ ለቀመችብኝ። ከአሥራ አምስት ሦስት ቀሩኝ፤ አንዳቸውም አልወለዱም። አሁን መረብ ብዘረጋ ምን ዋጋ አለው? የእርስዎ ትልቋ ቆሮሶ ግን ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ስትዞር አየሁ።» አስካለ በአጥሩ ማዶ ጠቆመች። «ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ ቀንቻለሁ፣ ምን እላለሁ! እሷን ከነልጆቿ ይስጡኝ፤ መረቡን ዛሬውኑ እዘረጋላቸዋለሁ፤ ሽሮውን ካሻዎት በቁና ይውሰዱ።»

ቆሮሶ እንዲህ ናት። እንቁላሏን በአፏ ትታቀፋለች፤ ሲፈለፈሉም ክፉ ነገር በመጣ ቁጥር ልጆቿን መልሳ አፏ ውስጥ ትሸሽጋለች። ይርገዱ በዓለም ላይ አስካለ የሌላት እሷ ግን ያላት አንድ ነገር ቢኖር ይህች ዓሣ ነበረች።

«እሷን? እሷን አልሰጥም!» ብላ በመጣችበት እግሯ ወጣች።

መንገዱን እየሄደች ለራሷ ታጉረመርማለች። ይርገዱ ዓሣዋን አልሰጥም አለች፤ አስካለ ሽሮዋን አልሰጥም አለች፤ ታንጉት ጂራቱቦውን አላወጣም አለች፤ ድንበሩ ቫልቩን አልገጥምም አለ፤ ቫልቩ ቱቦውን አልዘጋም አለ፤ ቱቦው ውሃውን አልሸኝም አለ፤ ውሃው ከኩሬው አልወጣም አለ፤ ዓሦቹ ቧ! ቧ! ይላሉ፤ ይርገዱም በቅናት ትነድዳለች። «ቆይ እስቲ» አለች መሃል መንገድ ላይ ቆማ። የሰንሰለቱን ጭራ ብትይዘው ይርገዱ ናት፤ ራሱን ብትይዘው ይርገዱ ናት። ከሌላ ሰው ጋር መጣላት ፈልጋ ዞር ብላ ብታይ ማንም አልነበረም።

ኩሬው ጋ ደርሳ ተንበረከከች። ዓሦቹን ቆጠረች። አሥራ አንዱ አፋቸውን ከፍተው ቧ! ቧ! ይላሉ። አሥራ ሁለተኛዋ፣ ትልቋ፣ አፏን ገጥማለች። ሌሎቹ አየር ሲጎርሱ እሷ አትጎርስም፤ አፏን ከከፈተች ልጆቿ ይወጣሉ፤ ከወጡ ያ ውሃ ይገድላቸዋል። ወደ ጎን ዘመም ብላ፣ ጉንጯ ተነፍቶ፣ ዝም ብላ ትታፈናለች።

ልንገራችሁ፣ ይርገዱ ያኔ ያሰበችውን አልደብቅም። «ከአስካለ ኩሬ ከምትዋኝ እዚሁ ትሙትልኝ» ብላ አሰበች። አዎ፣ አሰበች። የገዛ ሐሳቧ ጆሮዋ ላይ እንደ ጥፊ ጮኸባት። ባልዲውን ከጓሮዋ የውሃ ታንከር በንጹሕ ውሃ ሞላች፤ ሁለት እጇን አረንጓዴው ውስጥ ከተተች፤ ዓሣዋን ከሥሯ ደግፋ አነሣቻት። ከዚያ በበሩ ወጥታ፣ በበሩ ገብታ፣ ባልዲውን አስካለ እግር ሥር አስቀመጠች።

«ውሰጃት» አለች። «ቶሎ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ከዚህ በኋላ እኔም ልፍጠንላችሁ። ይርገዱ ዓሣዋን ሰጠች፤ አስካለ ሽሮዋን ሰጠች። ታንጉት ሽሮውን በጣቷ ጫፍ ቀመሰች፤ ዓይኗን ጨፍና አጣጣመች፤ «ይኸው ነው? ኮረሪማ በዝቶበታል!» አለችና ደስ ብሏት ሳጥኑን ከፈተች። ታንጉት ጂራቱቦውን አወጣች፤ ድንበሩም «እንግዲህ ሁለቱም ኩሬ የእኔ ሥራ ይባላል» ብሎ ቫልቩን አነሣ። ታንጉትም «ብቻውንማ አልለቀውም» ብላ ተከተለችው።

አስካለ ቀሚሷን ሰብስባ ይርገዱ ኩሬ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች፤ ዓሦቹ እንዳይጠረጉ ቱቦው አፍ ላይ ወንፊት ደገነች። ድንበሩ በቱቦው ጥርስ ላይ ቴፍሎን ጠመጠመ። «ቫልቩ ተከፍቶ ነው የሚገጠመው» አለ፤ «ውሃው በመሃሉ ይለፍ፤ ዘግተን ከታገልነው ያሸንፈናል። እትዬ፣ ውታፉን ይንቀሉ!»

ይርገዱ ነቀለችው። ጥቁር ደለል ድንበሩን ከእግር እስከ ራሱ አለበሰው። እየተፋና እየተሳደበ ቫልቩን ሁለት ሦስት ጊዜ በእጁ አዞረው፤ ቀሪውን በጂራቱቦው አጠበቀው። ታንጉት ስቃ ስቃ ግንቡን ተደገፈች። ሽታው አፍንጫ ይሰብራል፤ ደለሉ ግን እየወጣ ነው።

ድንበሩ ቫልቩን ገጠመ፤ ቫልቩ ቱቦውን ያዘ፤ ቱቦው ውሃውን ሸኘ፤ ውሃው ደለሉን ተሸክሞ ከኩሬው ወጣ። ኩሬው ሲጋመስ ድንበሩ «አሁን!» ብሎ ጮኸ። ይርገዱ እጀታውን ያዘች፤ ሩብ ዙር። ቀጥ! ጠብታ እንኳ አላመለጠም። ከታንከሩ አዲስ ውሃ ለቀቁበት። አሥራ አንዱ ዓሦች አፋቸውን ገጥመው ወደ ታች ጠለቁ፤ ቧ! ቧ! የሚል ጠፋ።

አስካለ እግሯን ሳታደርቅ ወደ ጓሮዋ ሮጠች። ወዲያው ተመልሳ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«እትዬ ይርገዱ! ይምጡ፣ ይምጡ! ከፈተች!»

ይርገዱ ሄደች። በዚያ በጠራው የአስካለ ውሃ ውስጥ ዓሣዋ አለች፤ በፊቷ ምስር የሚያካክሉ ጫጩቶች እንደ ጭስ በነው ይዋኛሉ። ይርገዱ እንደዚህ አጥርታ አይታቸው አታውቅም፤ በራሷ ኩሬ ውስጥ ጥላቸው ብቻ ነበር የሚታየው። «ያምራሉ» አለች በግድ፤ ከዚያ ያለ ግድ ደገመችው፦ «ያምራሉ።»

ሁለቱም በደንብ ሊያዩ ጎንበስ አሉ። ጫጩቶቹ ሽው! ብለው እናታቸው አፍ ውስጥ ገቡ፤ ዓሣዋም አፏን ግጥም አደረገች።

«ውይ! በእኔ ቀናች መሰለኝ፤ ልጆቿን ደበቀችብኝ» አለች አስካለ፣ ልታለቅስ ደርሳ።

«አይደለም» አለች ይርገዱ። «ላይዋ ላይ ተደፍተን እኮ ነው። ጥላችን ያስፈራታል። ነይ፣ ራቅ እንበል።»

ክንዷን ያዘቻት። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ዝም ብለው ቆሙ። ዓሣዋም አፏን ከፈተች።

እኔ ተረትሁ፤ እናንተ ሰማችሁ፤ የተረፈውን ውሃ ወሰደው።